ተረከዜ ሊተወኝ አልቻለም፤ ሩጫውን ላቁም ወይስ ልቀጥል?

ንጋት_ሯጭ (ደብረ ማርቆስ)

እንደምን ከረማችሁ ወገኖቼ። የምኖረው ማርቆስ ነው፤ በሙያዬ መምህር ነኝ፣ ንጋት ላይ እሮጣለሁ። ክለብ የለኝም፤ ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር ነው የምለማመደው። ለግማሽ ማራቶን እየተዘጋጀሁ ሳለ ከመስቀል ወዲህ የግራ ተረከዜ ከሥሩ፣ ወደ ውስጠኛው ጎን ጠጋ ብሎ፣ ያመኝ ጀመር። ጠዋት ከአልጋ ወርጄ ሲሚንቶውን ስረግጥ ሚስማር ላይ የቆምኩ ነው የሚመስለኝ። ግድግዳ ይዤ ጥቂት ከተራመድኩ በኋላ ላላ ይላል። ሩጫ ላይም እንዲሁ ነው፤ ስጀምር ያነክሰኛል፣ ሰውነቴ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ቀኑን ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስተምር ውዬ ማታ ከተቀመጥኩበት ስነሳ ተመልሶ ይመጣል።

አሳረፍኩት። ሲሻለኝ ወደ ልምምድ ተመለስኩ፤ ሕመሙም አብሮኝ ተመለሰ። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ራጅ ስነሳ «ተረከዝህ ላይ ትርፍ አጥንት በቅሏል፣ መርፌ ያስፈልግሃል» ተባልኩ። መርፌውን ሳልወጋ ወጣሁ። እናቴ ወጌሻ ዘንድ ሂድ ትለኛለች፣ ጓደኞቼ ደግሞ ሮጠህ አስለቅቀው ይላሉ።

ልምምዳችን በአብዛኛው አስፋልት ላይ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ረቡዕ ገበያ የሚወጣውን የጮቄ ዳገት ጨምረናል። በዚህ ነገር ተቸግራችሁ የዳናችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ። ትርፍ አጥንት የተባለው ካልተቆረጠ አልድንም ማለት ነው?

አያ_ዘበርጋ (ቡሬ)

ልጄ፣ እግዜር ይማርህ። እኔም በጉልበቴ ዘመን ወታደር ቤት ሯጭ ነበርሁ። ያኔ ተረከዝ ሲያመን ማታ ማታ ለብ ያለ ውኃ በጨው እንዘፈዝፍ ነበር። ወጌሻም ባታችንን ከጉልበት በታች ጀምሮ በቅቤ ያሽልን ነበር። ተረከዙን አይነካም፣ ባቱን ነው የሚያሸው። ብዙዎቻችን ድነናል። መርፌውን ግን አትቸኩልበት፤ መርፌ ተወግቶ በሳምንቱ ሮጦ የባሰበት ሰው አውቃለሁ።

ፊዚዮ_ጣና (ባሕር ዳር)

ሰላም ንጋት ሯጭ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ሯጮችም ወታደሮችም ይመጡልኛል። በጽሑፍ ብቻ ምርመራ አይደረግም፣ የነገርከን ግን ብዙ ይናገራል።

ከተረከዝ አጥንት ሥር ተነስቶ ውስጥ እግርን አቋርጦ እስከ ጣቶች ሥር የሚደርስ ወፍራም ሽፋን ጅማት አለ፤ ፕላንታር ፋሺያ ይባላል። የእግርን ቅስት ወጥሮ የሚይዘው እሱ ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ይህ ጅማት ተረከዝ አጥንት ላይ ከሚጣበቅበት ቦታ፣ በውስጠኛው ጎን ነው። ሌሊት እግር ሲያርፍ ጅማቱ ይኮማተራል፤ ጠዋት የመጀመሪያዋ እርምጃ ድንገት ስትወጥረው ያማል፣ ሲንቀሳቀስ ይላላል። አንተ የጻፍከው ይኸንኑ ነው።

አሁን ስለ ትርፍ አጥንቱ። ይህች ቃል ስንት ሰው እንዳስጨነቀች! ምንም ሕመም የሌላቸው ብዙ ሰዎች ራጅ ቢነሱ ያችኑ ሹል አጥንት ይዘው ይገኛሉ። ሕመማቸው የጠፋላቸው ሰዎችም ራጅ ቢደግሙ አጥንቷ እዚያው ናት። ስለዚህ የምትቆረጥ ነገር አድርገህ አትያት። በራጅ ወረቀት ላይ ታይታ ይሆናል፣ የሕመምህ ምክንያት ናት ማለት ግን አይደለም።

ለምን መጣ? ክረምቱ ሲወጣ ዳገት ጨምረናል ብለሃል። ዳገት ላይ የምትሮጠው በእግርህ ፊተኛ ክፍል ነው፤ ባትህና ቋንጃህ (ባትን ከተረከዝ የሚያያይዘው ወፍራም ጅማት) በጣም ይሳባሉ፣ እነሱ ሲሳቡ ከሥር ያለው ጅማትም ይወጠራል። በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ማስተማር አለ። አያ ዘበርጋ ባቱን ነው የሚያሹት ያሉት እውነት አለው፤ የባት መኮማተርና መድረቅ ከዚህ ሕመም ጋር በጣም የተያያዘ ነው። አንቱ የጻፉት የልምድ ነገር ከሕክምናው ጋር አይጣላም፤ ተረከዙን በኃይል ማሸት፣ መጎተትና «መመለስ» ግን አልደግፍም፤ የሚመለስ የወለቀ ነገር የለም።

ሕክምናውን ከመንገሬ በፊት እነዚህን መልስልኝ። ሌሊት ተኝተህ ያምሃል? ሩጫው በረዘመ ቁጥር ሕመሙ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ተረከዝህን ከግራና ከቀኝ በሁለት መዳፍህ ጨምቀህ ስትይዘው ያምሃል? በግራ እግርህ ብቻ ስትዘል ምን ይሰማሃል? መደንዘዝ ወይም ማቃጠል አለ? ሌላኛው ተረከዝህስ?

እህተ_ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)

ፊዚዮ ጣና የጠየቁትን ጥያቄ በጣም በጥንቃቄ መልስ ወንድሜ። ሁሉም የእግር ሕመም አንድ አይደለም።

እኔ 5,000 እና 10,000 ሜትር ሯጭ ነኝ። የእኔ ሕመም የጀመረው በእግሬ ላይኛው ገጽ፣ ከሁለተኛዋ ጣት በስተኋላ ነው። መጀመሪያ ከሩጫ በኋላ ብቻ ነበር። ከዚያ ሩጫው መሀል ላይ መጣ፣ ከዚያ ስራመድም፣ ከዚያ ሌሊት። በአንድ ጣት ስነካው «እዚህች ላይ» ብዬ ማሳየት እችል ነበር፤ ትንሽ አበጠ። የሄድኩበት ቦታ ራጅ አንስተው «ምንም የለም፣ ጡንቻ ነው» ብለው ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ሰጡኝ። እየዋጥኩ ስሮጥ ሕመሙ ቀነሰልኝ፣ ልምምዱም ቀጠለ። አንድ ቀን መታጠፊያ ላይ መርገጥ አቃተኝ። እንደገና ራጅ ስነሳ አጥንቱ ተሰንጥቆ፣ ዙሪያውን አዲስ አጥንት ማብቀል ጀምሮ ነበር።

በኋላ የተነገረኝ ይህ ነው፦ በሩጫ ድካም የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ መጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ሳምንታት ውስጥ በራጅ ላይታይ ይችላል። የራጅ ውጤት ደህና ነው ማለት አጥንቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። ኤምአርአይ ቀድሞ ያሳያል፤ ኤምአርአይ ከሌለ ደግሞ እንደተሰነጠቀ ቆጥሮ አርፎ ራጁን መድገም ነው።

ሌላው ልናገር የምፈልገው ነገር ለሴቶች እህቶቼ ነው፣ ወንዶችም አንብቡት። ያን ጊዜ የወር አበባዬ ከቆመ ወራት አልፈውት ነበር። በእኛ ልምምድ ቦታ ይህ እንደ ብርታት ይታይ ነበር፤ «ቅጥነት ገባት፣ ፎርም ላይ ናት» ነበር የሚባለው። ሐኪሟ ግን ስትሰማ ደነገጠች። ሰውነት ለሩጫው የሚበቃ ምግብ ካላገኘ መጀመሪያ የሚያቋርጠው ይህን ነው፤ ሆርሞኑ ሲወርድ አጥንትም ይሳሳል። ሁዳዴን 55 ቀን እስከ ቀትር በኋላ ጾሜ፣ ጠዋት ረጅም ሩጫ ሮጬ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ እንጀራ በሽሮ በልቼ እተኛ ነበር። ጾሙን አላማረርኩም፤ እምነቴ ነው፣ አሁንም እጾማለሁ። የተለወጠው አሠራሩ ነው። የንስሐ አባቴን አማከርኩ፤ የምግቡን ጾም እንደያዝሁ ሰዓቱን አቀለሉልኝ። ሩጫ እንደጨረስኩ በሶ በስኳር እጠጣለሁ፤ ምሳዬ ላይ ምስር ወይም ባቄላ ከድንች ጋር አይቀርም። ተልባና ሱፍም እጨምራለሁ። ፍስክ ሲሆን ወተት፣ እርጎ፣ እንቁላል። በሁዳዴ ደግሞ የልምምዱን መጠን ከአሰልጣኜ ጋር እንቀንሳለን። አጥንቴ ድኖ ተመልሻለሁ።

የወር አበባዋ የቆመ ሯጭ እግሯን ካመማት ወጌሻም ማሳጅም አይደለም የሚያስፈልጋት፤ ሐኪም ናት።

ፊዚዮ_ጣና (ባሕር ዳር)

እህተ ዳሞት፣ ይህን ስለጻፍሽ አመሰግንሻለሁ። እያንዳንዱ አሰልጣኝ ሊያነበው የሚገባ ነገር ነው። ዳይክሎፌናክን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፦ ማስታገሻ ውጦ መሮጥ አደገኛ የሚሆነው ሰውነት «አቁም» የሚልበትን ድምፅ ስለሚዘጋ ነው። ውኃ በጠማው ሰውነት ላይ ለኩላሊትም ጥሩ አይደለም።

ስንጥቅ ሁሉም እኩል አይደለም። የእህተ ዳሞት ዓይነቱ፣ ከመሀለኛዎቹ ጣቶች በስተኋላ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕረፍት ይድናል። ከቁርጭምጭሚት ፊት ለፊት፣ በእግር ቅስት አናት ላይ ያለችው ናቪኩላር የምትባል አጥንት ግን ደም የሚደርሳት በጥቂቱ ነው። እሷ ስትሰነጠቅ ጨርሶ ሳይረግጡ በክራንች መቆየት የግድ ይሆናል፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና። በእግር አናት ላይ ያለ፣ ድፍን ያለ፣ ቦታው በደንብ የማይለይ ሕመም ያለው ሯጭ ይህን አይናቅ።

ባዶ_እግሬን (ደጀን)

እኔ የሚገርመኝ አባቶቻችን በባዶ እግራቸው ስንት ተራራ ወጥተው ወርደው ተረከዝ አመመኝ ሲሉ አልሰማንም። ሻምበል አበበ ቢቂላ ሮምን በባዶ እግሩ ነው ያሸነፈው። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ነው እግራችንን ያሰነፈው። ጫማህን አውልቀህ ሳር ላይ ሩጥ፣ ይለቅሃል።

አሰልጣኝ_ባንጃ (እንጅባራ)

ወንድሜ ባዶ እግሬን፣ አበበን ያነሳኸው በክብር ነው፤ እኔም በክብር ልመልስልህ። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ሮጦ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ 2:12:11 ገባ፤ ያውም ትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከሳምንታት በኋላ። ጀግንነቱ ከእግሩና ከልቡ ነው እንጂ ከጫማ አለመኖር አይደለም። በባዶ እግር ያደገ ሰው እግሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ተገንብቷል፤ ከተማ ያደገ፣ ቀኑን በቆዳ ጫማ የሚውል፣ ተረከዙ የታመመ መምህር ዛሬ ጫማውን አውልቆ ቢሮጥ ባቱና ያ የታመመው ጅማት ላይ ጭነት ይጨምርበታል። ከዳነ በኋላ፣ ቀስ ብሎ፣ ከልምምድ ማብቂያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ሳር ላይ ቢል አልቃወምም።

እኔ የማሠለጥናቸው ታዳጊዎች ናቸው፤ ከዕድሜ አንፃር ያየሁትን ልንገራችሁ። ከ8 እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ ተረከዙን ከኋላ በኩል አመመኝ ካለ የትልቅ ሰው ሕመም አይደለም። በዚያ ዕድሜ የተረከዝ አጥንት ገና በማደግ ላይ ነው፣ ቋንጃው የሚጣበቅበት ቦታ ለስላሳ ነው፤ ልጁ በፍጥነት ሲያድግና ልምምድ ሲበዛበት ይቆጣል። አጥንቱ ሲጠነክር ይተወዋል። ልምምዱን መቀነስ፣ ተረከዝ ሥር ትንሽ ከፍ የሚያደርግ ነገር ማድረግ፣ ባትን ማጠንከር ይበቃል። ለልጆች መርፌ የሚባል ነገር እንዳትሰሙ። «ሰነፍ» ብሎ መስደብም ይቅር፤ ሲያነክስ ቆይቶ ሩጫን የጠላ ስንት ተስፈኛ ልጅ አለ።

ስለ ጫማም አንድ ነገር። ልጆቻችን የሚገዙት ሰልባጅ ነው፤ ላዩ ታጥቦ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ አልቋል። ስትገዙ ተረከዙንና ጫፉን ይዛችሁ እጠፉት፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶች ሥር ነው። መሀሉ ላይ እንደ ጨርቅ ከታጠፈ ተዉት። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ከኋላ እዩት፤ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ የሌላ ሰው እግር ቅርጽ ይዟል። አዲስ አበባ ያሉ ወንድሞች ያስተላለፉትን፣ ሶሉ ውስጥ የካርቦን ዝርግ ያለበትን የውድድር ጫማ ለየቀኑ ልምምድ የሚያደርጉትንም አያለሁ። ለውድድርና ለፍጥነት ሥራ ይሁን፤ በየቀኑ ግን እግርን ወዳልለመደው ጭነት ይወስደዋል።

ጤና_ኤክስቴንሽን (ደምበጫ)

ይቅርታ፣ የሯጭ ጉዳይ ላይ የገባሁ እንዳይመስላችሁ፤ «በባዶ እግር» ሲባል ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኛ አካባቢ በባዶ እግር መሄድ ከተረከዝ ሕመም የከፋ ነገር ያመጣል። ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት ከደጋው ቀይ አፈር ነው የሚመጣው፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በቆዳ ገብተው የሊምፍ መስመሮችን (የሰውነት ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች) ያስቆጣሉ። ትል የሚያመጣው ሌላ ዓይነት ነው፤ በደጋው የሚታየው ይህ ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም። በአንዳንድ ቤተሰብ መብዛቱ በተፈጥሮ የተጋለጡ ሰዎች ስላሉ ነው። ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም በዚህ በሽታ በብዛት ከተጠቁት የአገራችን አካባቢዎች ናቸው።

አጀማመሩ ትንሽ ነው። ውስጥ እግርና የእግር ላይኛው ገጽ ያሳክካል፣ በተለይ ማታ ያቃጥላል፤ አውራ ጣትና አጠገቧ ያለችው ጣት መሀል ቆዳው ይወፍራል። እብጠቱ ጠዋት ቀንሶ ማታ ይመለሳል። ገጠር ያሉ ታዳጊ ሯጮች በባዶ እግር ወይም በተቀደደ ሸራ ጫማ ጭቃ ውስጥ ሲሮጡ ውለው «እግሬን አቃጠለኝ» ካሉ ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት። በዚህ ደረጃ ከተያዘ ይቆማል፤ በየቀኑ እግርን በውኃና በሳሙና አጥቦ፣ በጣቶች መሀል አድርቆ፣ ቫዝሊን ቀብቶ፣ ካልሲና ዝግ ጫማ ማድረግ ነው። ምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ ላይ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሞ ነበር፤ እግር መታጠብ፣ መቀባትና ጫማ ማድረግ የመሰለ ቀላል እንክብካቤ ያገኙ ታማሚዎች እግራቸው በድንገት ተቆጥቶ ትኩሳት የሚጥላቸው ጊዜ ቀንሶላቸዋል። ጫማው ሲበላሽ ልጆቹን ወደ ሜዳ በባዶ እግር አትላኩብን።

ባዶ_እግሬን (ደጀን)

እህቴ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። እናመሰግናለን፤ ለሠፈሩ ልጆችም እነግራለሁ።

ንጋት_ሯጭ (ደብረ ማርቆስ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፊዚዮ ጣና፣ መልሶቼ እነሆ። ሌሊት ተኝቼ አያመኝም። ሩጫው ሲረዝም ሕመሙ ይቀንሳል፤ የሚጠዘጥዘኝ ካረፍኩ በኋላ ነው። ተረከዜን ከጎንና ከጎን ስጨምቀው ምንም የለም፤ ከሥሩ በአውራ ጣቴ ስጫነው ግን ያስዘልለኛል። አውራ ጣቴን ወደ ላይ ስቀለብሰውም እዚያው ቦታ ይስበኛል። በአንድ እግር መዝለል እችላለሁ፣ ይሰማኛል እንጂ አያቆመኝም። መደንዘዝ የለም። ቀኙ ደህና ነው።

ሩጫ ጨርሶ ማቆም አለብኝ? ስለ መርፌውም ንገረኝ፤ የተወጉት ጓደኞቼ «በሦስተኛው ቀን ድኜ ሮጥኩ» ይሉኛል።

ፊዚዮ_ጣና (ባሕር ዳር)

ደስ የሚል መልስ ነው። ሌሊት አለማመሙ፣ በጎን ሲጨመቅ አለማመሙ፣ በሩጫ መላላቱ፣ ሁሉም ከአጥንት ስንጥቅ ይልቅ ወደ ጅማቱ ያመለክታሉ። አንዱ እንኳ ከተለወጠ፣ በተለይ ሕመሙ በሩጫ መሀል እየጨመረ ከሄደ ወይም ሌሊት ከቀሰቀሰህ፣ ሩጫውን በዚያው ቀን አቁመህ ታየው።

ሩጫ ጨርሰህ አታቁም። ይህ ጅማት ከዕረፍት ብቻ አይጠነክርም፤ ስታርፍ ሕመሙ ይተኛል፣ አቅሙም አብሮ ይቀንሳል፣ ስትመለስ ያው ጭነት ይበዛበታል። አንተን የገጠመህ ይህ ነው። መለኪያህ ይህ ይሁን፦ ሕመምህን ከ0 እስከ 10 ብትለካው ከ3 ወይም ከ4 የማያልፍ ሕመም በሩጫ ጊዜ ይፈቀዳል፤ በማግሥቱ ጠዋት የመጀመሪያዋ እርምጃ ከትናንቱ ከባሰች ግን የትናንቱ ሩጫ በዝቷል። ጠዋትህ ዳኛህ ነው። ለጊዜው የጮቄን ዳገትና የፍጥነት ሥራውን አውጣ፤ ሜዳ ላይ፣ ጥጋጥግ ባለው ሳርና አፈር፣ ሶምሶማ ብቻ። የቀነስከውን በብስክሌት ሙላው።

ዋናው ሥራ የሚሆነው ማጠንከሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ዴንማርክ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ፤ እኔም ታማሚዎቼን የማሠራው እሱን ነው። ደረጃ ላይ ትቆማለህ፣ ተረከዝህ አየር ላይ ሆኖ። ፎጣ ጠቅልለህ ከጣቶችህ ሥር ታስገባለህ፣ ጣቶችህ ወደ ላይ እንዲቀለበሱ፤ ጅማቱን ከሥር የሚወጥረው ይህ ፎጣ ነው፣ ያለ እሱ ተራ የባት እንቅስቃሴ ነው የሚሆነው። በታመመው እግር ብቻ 3 ሰከንድ እየቆጠርክ ውጣ፣ ላይ 2 ሰከንድ ቁም፣ 3 ሰከንድ እየቆጠርክ ውረድ። በአንድ እግር ካቃተህ በሁለቱም ጀምር። 12 ጊዜ፣ 3 ዙር፣ አንድ ቀን እያሳለፍክ። ከ2 ሳምንት በኋላ የመጽሐፍ ቦርሳህን በጀርባህ ይዘህ ክብደት ጨምር፤ ቁጥሩ ወደ 10 ይወርዳል፣ ዙሩ 4 ይሆናል። ከሌላ 2 ሳምንት በኋላ ደግሞ ክብደቱን ጨምረህ 8 ጊዜ፣ 5 ዙር። በጥናቱ ይህን የሠሩት በ3 ወር ላይ መሳሳብ ብቻ ከሠሩት ተሽለው ነበር፤ በዓመቱ ግን ሁለቱ ቡድኖች ተቀራርበዋል። ማለትም መንገዱን ያሳጥራል እንጂ ተአምር አይደለም። ወራት እንደሚፈጅ ከአሁኑ እወቀው፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ሊሻለው ሲል ነው።

ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ እግርህን ጉልበትህ ላይ ጭነህ፣ ጣቶችህን በእጅህ ወደ ቅልጥምህ ስበህ 10 ቆጥረህ ልቀቅ፤ 10 ጊዜ ደጋግም። ከዚያ ጫማ አጥልቀህ ተነስ። ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግር አትቁም፤ ስስ ነጠላ ጫማም አይረዳህም። ማታ ሃይላንድ ውስጥ ውኃ አቀዝቅዘህ ከእግርህ ሥር ብታንከባልለው ያስታግሳል። ለማስተማሪያ ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ አድርግ፤ ገበያ የሚሸጠው ተረከዝ ሥር የሚገባ ጎማም ለአንዳንዱ ይረዳል።

መርፌው ስቴሮይድ የሚባል፣ ብግነትን የሚያበርድ መድኃኒት ነው። እውነት ነው፣ ለሳምንታት ያስታግሳል፤ ጓደኞችህ አልዋሹም። ጥቅሙ ግን ከጥቂት ወራት አያልፍም፣ በተደጋገመ ቁጥር ደግሞ ጅማቱ የመበጠስ፣ ተረከዝ ሥር ያለው ለስላሳ ስብም የመሳሳት ዕድል አለ። መርፌ ተወግቶ በሦስተኛው ቀን መሮጥ አያ ዘበርጋ ያሉት ዓይነት ጉዳት የሚመጣበት መንገድ ነው። ለሯጭ መጀመሪያ የሚሰጥ ነገር አይደለም።

አያ_ዘበርጋ (ቡሬ)

ተባረክ ልጄ። የልምዳችንን ንቀህ ስላላጣጣልከው ደስ አለኝ። ያ ፎጣውን ነገር ለልጅ ልጄ አሳይቼዋለሁ።

አሰልጣኝ_ባንጃ (እንጅባራ)

ንጋት ሯጭ፣ ስትመለስ እንዴት እንደምትመለስ ልጨምርልህ። መጀመሪያ ርቀቱን፣ ቀጥሎ ዳገቱን፣ በመጨረሻ ፍጥነቱን። ሁለቱን በአንድ ሳምንት አትጨምር። ቁልቁለቱንም እንዳትረሳ፤ ረቡዕ ገበያ ከወጣህ መውረድህ አይቀርም፣ ቁልቁል ስትወርድ ደግሞ ተረከዝህ የሚመታው በኃይል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዳገቱን በሩጫ ውጣና ቁልቁለቱን በመኪና ውረድ። የምትዘጋጅለት ውድድር ቢያልፍም ይለፍ፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ ቋንጃው እየታመመ ተወዳድሮ አምስተኛ ወጣ፣ በ2006 ደግሞ በርሊን ማራቶንን አሸነፈ። የአንድ ወቅት ውድድር የሩጫ ዕድሜህ ሁሉ አይደለም።

ሞጣ_ልጅ (ሞጣ)

ውይይቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የእኔ ከንጋት ሯጭ ትንሽ ይለያል። ዕድሜዬ በሃያዎቹ መጀመሪያ ነው። ሁለቱም ተረከዞቼ ናቸው የሚያሙኝ፣ ከኋላም ከሥርም። ጠዋት ለመላላት ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጅብኛል፤ ወገቤም ሌሊት ወደ ንጋት ላይ እየደረቀ ይቀሰቅሰኛል። ስንቀሳቀስ ይሻለኛል፣ ስተኛ ይብሳል። አንድ ጊዜ ዓይኔም ቀልቶ በጣም ታምሞ ነበር። የፎጣውን እንቅስቃሴ ልጀምር?

ፊዚዮ_ጣና (ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ አንተ ከእንቅስቃሴው በፊት የውስጥ ደዌ ሐኪም ማየት አለብህ። በወጣትነት ሁለቱም ተረከዝ፣ ረዘም ያለ የጠዋት ድርቀት፣ በዕረፍት የሚብስና በእንቅስቃሴ የሚሻለው የወገብ ሕመም፣ ከዚያ ላይ የዓይን መቅላት ሲደመሩ የሩጫ ጉዳት ላይሆን ይችላል። የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያና የጅማት መጣበቂያ የሚያጠቃበት ሕመም አለ፤ በወገብና በተረከዝ ይጀምራል፣ ዓይንንም ይነካል። ቀድሞ ከታወቀ መድኃኒት አለው፤ ከዘገየ አከርካሪን ያደርቃል። ለሐኪሙ «ተረከዜን አመመኝ» ብቻ አትበል፤ እዚህ የጻፍከውን ሁሉ፣ የወገቡንም የዓይኑንም፣ በአንድ ላይ ንገረው። ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ የወገብ ችግር ወይም የሚላላጥ የቆዳ በሽታ ያለበት ሰው ካለ፣ ወይም ከዚህ በፊት ተቅማጥ ወይም የሽንት ማቃጠል ይዞህ ከነበረ እሱንም ጨምር። የደም ምርመራና የዳሌ መገጣጠሚያ ራጅ ያዝልሃል። እንደገና ዓይንህ ከቀላና ብርሃን ማየት ካስቸገረህ ቀጠሮ ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ዘንድ ሂድ።

እስከዚያ ሶምሶማህን አታቁም፤ ለአንተ ሕመም መንቀሳቀስ ይጠቅማል። ባሕር ዳር መምጣት ከቻልክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ የትኛው ክፍል መመዝገብ እንዳለብህ እነግርሃለሁ።